መልስ፦ ኔቫዳ 375 ላይ ነዳጅ አለ ወይ?

ወንድሜ፣ ከቬጋስ ተነስታችሁ በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት አውራ ጎዳና 375 ወደ ቶኖፓ ከተማ ስትሄዱ መንገድ ላይ ነዳጅ ታገኙ እንደሆነ ጠይቀሃል። መንገድ ላይ አገኛለሁ ብለህ አትተማመን። 375 ላይ ከመግባትህ በፊት በምታገኛት በአላሞ ከተማ ፉል አስሞላ፤ «ግማሽ ይበቃኛል» እንዳትል። መንገዱ 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሃል ያለችው መንደር ሬቸል ብቻ ናት፤ ጥቂት ተንቀሳቃሽ ቤቶችና አንዲት ሞቴል ከነምግብ ቤቷ አሉባት። ኤሪያ 51 የሚባለው የአሜሪካ ሚስጥራዊ የጦር ጣቢያ ቅርብ ስለሆነ ሞቴሏ የምትኖረው በዩፎ (ከሌላ ዓለም መጡ በሚባሉ በራሪ አካላት) ወሬ ነው። ዋርም ስፕሪንግስ ደግሞ ስሟ ካርታ ላይ አለ እንጂ ሰው የለባትም።

እኔን ያስፈራኝ ግን ዩፎ ሳይሆን ላም ነው። ከብቱ ልቅ ነው የሚግጠው። ማታ ጥቁር ላም አስፋልቱ መሃል ቆማ፣ መብራትህ እስኪያርፍባት አትታይም። በቀን ሂዱ። ኔትወርክም ስለሚጠፋ ካርታውን ቀድመህ አውርድ።