ብዙም የማትነዳ መኪና በስንት ጊዜ ሰርቪስ ትደረግ?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ አካባቢ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ አለችኝ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሼባት እመለሳለሁ፤ ደርሶ መልሱ ስድስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። አልፎ አልፎ ገበያ እወጣባታለሁ፤ ለፋሲካ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ወዳሉት ዘመዶቼ እሄድባታለሁ። ሁሉም ተደምሮ በዓመት ከ1,400 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዘይት ከተቀየረላት 2 ዓመት ከ8 ወር ሆኗታል። ጋራዡ የለጠፈልኝ ወረቀት «ከ5,000 ኪሎ ሜትር በኋላ» ስለሚል፣ እስካሁን የሄደችው ደግሞ 3,700 ስለሆነ መካኒኩ «ገና ነው» ይለኛል። ልጄ በበኩሉ በየጠዋቱ አምስት አምስት ደቂቃ አስነስቼ እንዳጠፋት ይመክረኛል። እንደኔ ላለ ሰው ሰርቪስ በስንት ጊዜ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ የእርስዎ መኪና ሰርቪስ የሚቆጠረው በወር ነው። በዚያ ቆጠራ ደግሞ ዘይቷ ጊዜው ካለፈ ቆይቷልና ለሚቀጥለው ወር ሳያሳድሩ እንዲያስቀይሩት እመክራለሁ።

አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ ስለ ዘይት ሁለት ቁጥር ያሰፍራሉ፤ አንዱ ርቀት፣ ሌላው ጊዜ ሲሆን፣ ደንቡም ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው መሥራት ነው። ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የመጡ መኪኖች መመሪያቸው በጃፓንኛ የተጻፈ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜም ከመኪናው ጋር ስለማይገኝ፣ በእኛ ጋራዦች የለመድነው የርቀቱን ቁጥር ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ለሚውል ታክሲ ይህ ልማድ አይጎዳም፤ 5,000 ኪሎ ሜትሩ በጥቂት ወራት ይሞላለታል። በእርስዎ አነዳድ ግን ያው ርቀት ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ዘይቱም መኪናዋ ቆማም ሳለ ማርጀቱን አይተውም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የእሑዱ አጭር መንገድ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አብዛኛው በማርሚታ ያልፋል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻዎች በኩል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከተነዳ ያ ውሃ ተንኖ ይወጣል። ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚጠፋ ሞተር ግን ለዚያ የሚበቃ ሙቀት ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ ውሃው ካልተቃጠለ ቤንዚን ጋር በዘይቱ ውስጥ እየተጠራቀመ ያቀጥነዋል፣ ወደ አሲድነትም ይለውጠዋል። ይህን በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መሙያውን ክዳን ይፍቱትና የውስጥ ጎኑን ይመልከቱት። እርጎ የመሰለ ነጣ ያለ ቅባት ተጋግሮበት ካገኙ ያልኩት ውሃ እሱ ነው። የራዲያተሩም ውሃ አብሮ እየቀነሰ ከሆነ ግን ችግሩ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በታችኛው አካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ስለሚችል ሳይነዷት ለመካኒክ ያሳዩ።

እንግዲህ ተራውን የሞተር ዘይት የሚጠቀሙ ከሆነ በየስድስት ወሩ ከነፊልትሮው ያስቀይሩ። ሙሉ ሲንተቲክ የተባለውን ዘይት ከሞሉ፣ በወር አንድ ጊዜም ረዘም ያለ ጉዞ ካደረጉባት፣ ዓመት መቆየት ይችላል፤ ከዓመት በላይ ግን በምንም ሁኔታ አልመክርም። ለእንዲህ ያለች ትንሽ ሞተር የአራት ሊትር ዘይት ስለሚበቃ፣ ወጪው ከሞተር ጥገና ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ለማስታወስ እንዲመችዎ አንዱን መስከረም ላይ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሌላውን መጋቢት ላይ ከፋሲካው ጉዞ በፊት ያድርጉት፤ መካኒኩም ወረቀቱ ላይ ከኪሎ ሜትሩ ጎን ወሩን እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት። በየዓመቱ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ የዘይቱን ዕድሜ ስለማያይ በእሱ አይተማመኑ።

ልጅዎ የመከረዎ ከመልካም ሐሳብ ነው፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ይሁን እንጂ አምስት ደቂቃ ቆሞ መሥራት ከላይ የተናገርኩትን ጉዳት በየቀኑ መደጋገም ነው። ሞተሩ ለመነሣት ከባትሪው ብዙ ኃይል ይወስዳል፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥም የወሰደውን በቅጡ አይመልስም። በዚህ ፈንታ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይንዷት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በቀለበት መንገዱ ዞረው ቢገቡ በቂ ነው፤ ጎማው ይዞራል፣ ፍሬኑ ዝገቱን ይጠርጋል፣ ባትሪውም ይሞላል። ባትሪውን በቮልት መለኪያ ማስለካት ቀላል ነው። አድሮ ጠዋት 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል፤ 12 ከደረሰ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ባዶውን የቆየ ባትሪ ደግሞ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት ስለሚጋግር መልሶ በደንብ አይሞላም። ከወር በላይ የማይነዷት ከሆነ የኔጋቲቩን ገመድ ያስፈቱ።

የደብረ ማርቆሱ ጉዞዎ ባይኖር ኖሮ ስለ ፍሬን ዘይት በአጭሩ ባለፍኩ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ ይህም መኪናዋ ብትነዳም ባትነዳም የሚሆን ነው። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ውሃ ሲገባበት ግን መለኪያው እስከ 140 ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። በዚያ ሁሉ ጥምዝ ፍሬን ተረግጦ ሲቆይ ያረጀው ዘይት ፈልቶ አረፋ ያበጃል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ታች ይሰጥማል እንጂ መኪናዋን አያቆማትም። ስለዚህ የፍሬኑን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ፤ ላዩን ብቻ መሙላት ለውጥ አያመጣም። በረሃውን ሲወርዱም በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ።

ጎማን በተመለከተ የብዙ አንባቢዎቻችንን ዓይን የሚያሳስት ነገር አለ። በጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ተጽፏል፤ ለምሳሌ 2318 ቢል ጎማው የተሠራው በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ስምንት ዓመት ገደማ የሆነውን ጎማ አዲስ ነው ብሎ ይገዛል። ብዙ የማይነዳ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ጎሚስታ ይመልከተው፤ አሥር ዓመት የሞላው ግን ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየር።

የራዲያተሩን ውሃ በሚመለከት፣ የቧንቧ ውሃ ሞልተው ከሆነ ዝገት በሚከላከለው ኩላንት ያስለውጡት። የእርስዎ ሞተር በታይሚንግ ሰንሰለት የሚሠራ ስለሆነ በዕድሜ ስለሚቀየር ቺንጋ አያስቡ። ቤንዚንም ቢሆን ወራት ሲቆይ ስለሚበላሽ አሮጌውን እየጨረሱ አዲስ ይቅዱ።

በመጨረሻ፣ መኪናዋን በላስቲክ ሸራ አይሸፍኗት። ግቢ ውስጥ ከዓመት በላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የቆመ ኮሮላ አንድ ቀን ከባለቤቱ ጋር ከፍቼ አይቻለሁ። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ የፍሬኑን ዲስኮች ቀይ አድርጓቸው ነበር፤ የእጅ ፍሬኑም ተጣብቆ የኋላ ጎማው አልዞርም አለ። የአየር ፊልትሮውን ቤት ስንከፍት አይጥ ጋዜጣ ከትክታ ጎጆዋን ሠርታበታለች፤ ከጎኑ የሚያልፈውም የሽቦ ዘለላ ተበልቶ መዳቡ ይታይ ነበር። ስለዚህ ከማስነሣትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ማየትን ልማድ ያድርጉ፤ ለረጅም ጊዜ ስትቆምም የእጅ ፍሬኑን ለቀው፣ ማርሽ አስገብተው ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ።