የዌብሳይቱ ዕቅድ ከዲዛይኑ ይቅደም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዓምዳችሁን ሁሌ አነባለሁ። ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ኦቭን የሚጠግን ድርጅት አለኝ፣ እስከዛሬ ደንበኛ የሚመጣልኝ ሰው ለሰው ሲነግር ነው። አሁን ዌብሳይት ላሰራ ብዬ አንድ ዴቨሎፐር አናገርኩ፣ እሱ «መጀመሪያ ሳይቱ አምሮ ይሰራ፣ ኤስኢኦ፣ ማለትም ጎግል ላይ እንዲገኝ የማድረጉን ስራ፣ በኋላ እንጨምርበታለን» አለኝ። ያሰበው አምስት ገጽ ነው፣ መነሻ፣ ስለ እኛ፣ አገልግሎታችን፣ ፎቶ፣ አድራሻ። የኔ ፍላጎት ግን ሰው ጎግል ላይ ሲፈልግ እንዲያገኘኝ ነው። እውነት በኋላ ይጨመራል ወይስ አሁኑኑ ነው የማስብበት?

መልስ፦ እህቴ አሁኑኑ ነው፣ እንዲያውም ዲዛይን የሚባለው ነገር ሳይጀመር። ልጁ ክፋት አስቦ አይመስለኝም፣ ብዙ ሰው ኤስኢኦን የሚያየው ቤቱ ካለቀ በኋላ እንደሚቀባ ቀለም ነው፣ ግን ስራው ያለው መሰረቱ ላይ ነው። ለምን መሰለሽ፣ ጎግል ለፈላጊው የሚያወጣለት ሳይትሽን በሙሉ ሳይሆን አንድ ገጽሽን ነው። ሰውዬው ማሽኑ ውሃ አላወጣ ብሎት ስልኩን አንስቶ «የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ አያወጣም» ብሎ ሲጽፍ፣ ጎግል የሚፈልግለት ስለዚህ ችግር በደንብ የሚያወራ ገጽ ነው። ያንቺ «አገልግሎታችን» የሚለው ገጽ ደግሞ ፍሪጁም ማሽኑም ኦቭኑም በሶስት መስመር የታጨቀበት ነው፣ ሁሉንም ይጠራል ስለ አንዱም አያወራም። ሳይቱ ካለቀ በኋላ ይሄን እናስተካክል ቢባል ሜኑ ማፍረስ፣ ገጽ መክፈል፣ የገጾቹን የኢንተርኔት አድራሻ መቀየር ይመጣል፣ ያው ሁለተኛ ክፍያ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ የዴቨሎፐሩ ሳይሆን ያንቺ ነው። ደብተር ያዢና የሚደውልልሽ ሰው መጀመሪያ የሚናገራትን ነገር እንዳለች ጻፊያት፣ ሳታሳምሪ። «ፍሪጄ መብራቱ ይበራል ግን አይቀዘቅዝም»፣ «ማሽኑ ሲሽከረከር ወለሉን ያናውጠዋል»፣ «ኦቭኑ ከላይ ያሳርራል ከስር ጥሬ ነው»። ሰው ጎግል ላይም የሚጽፈው ይሄንኑ ነው እንጂ «የተሟላ የቤት ውስጥ መገልገያዎች ጥገና መፍትሄ» ብሎ የሚፈልግ የለም፣ የብዙ ድርጅት መነሻ ገጽ ላይ ግን የምታገኚው እሱኑ ነው፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ ምክንያቱም ስራቸውን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ከዛ የጻፍሻቸውን አንድ በአንድ ጎግል ላይ ሞክሪያቸው። መጻፍ ስትጀምሪ ከስር የሚመጡትን ጥቆማዎች መዝግቢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወጡትን ውጤቶች እያቸው፣ የጥገና ድርጅቶች ከሆኑ ፈላጊው ባለሙያ ሊጠራ ነው፣ ራስህ ጠግን የሚሉ ቪዲዮዎች ብቻ ከሆኑ ደግሞ ሰውየው ገና መማር ነው የፈለገው፣ እዛ ላይ «ደውሉልን» የሚል ገጽ ይዘሽ ብትገቢ ብዙም አትራመጂም። እንዲህ እያየሽ አንድ ዓይነት ፍላጎት ያላቸውን አንድ ላይ ሰብስቢ። «ፍሪጅ አይቀዘቅዝም» እና «ፍሪጄ ማቀዝቀዝ አቆመ» አንድ ገጽ ናቸው፣ ሁለት ገጽ ብታደርጊያቸው እርስ በርሳቸው ነው የሚሻሙት፣ «የማሽን በር አይከፈትም» ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ የራሱ ገጽ ይገባዋል። በቃ ይሄ ዝርዝር ነው የሳይትሽ ካርታ። መነሻ ገጽ፣ ከስሩ ፍሪጅ፣ ማሽን፣ ኦቭን፣ ከነሱ ስር ደግሞ ብዙ የሚጠየቁት ችግሮች፣ እያንዳንዱ ገጽም ከሌላ ገጽ በሊንክ የሚደረስበት ይሁን፣ ጎግል አዲስ ገጽ በብዛት የሚያገኘው ሊንክ እየተከተለ ነውና።

አንዱን ገጽ ላሳይሽ። ፍሪጅ አይቀዘቅዝም የሚለውን እንውሰድ። ርዕሱ ማለትም ታይትሉ «ፍሪጅ አይቀዘቅዝም? ምክንያቶቹና ጥገናው» ብሎ መጨረሻ ላይ የድርጅትሽ ስም። ውስጡ ላይ ደግሞ አንቺ ብቻ የምታውቂውን ጻፊበት፣ ከኋላ ያለው ኮንደንሰር አቧራ ሲይዝ ምን እንደሚሆን፣ የበሩ ጎማ ሲላላ ሰው ቤቱ ሆኖ እንዴት እንደሚያየው፣ ፋኑ ሲቆም ላይኛው ክፍል በረዶ ይዞ ታችኛው ለምን እንደሚሞቅ። ጋዝ በራሱ እንደማያልቅና ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየወጣ ስለሆነ ቀዳዳው ሳይደፈን ዝም ብሎ መሙላት ገንዘብ ማባከን እንደሆነም ንገሪያቸው። ይሄን ያነበበ ሰው አንቺ ጋ ይደውላል፣ ጎግልም ከሌላ ሳይት ላይ ከተገለበጠ ጽሁፍ የሚለየው በዚህ ነው። መቼ ሰው መጥራት እንዳለበት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ የት የት እንደምትሄዱ ጻፊና ስልኩን አስቀምጪ። ስልኩ ፎቶ ውስጥ የተጻፈ እንዳይሆን ደግሞ፣ ዲዛይነሮች ይሄን ይወዱታል፣ ግን ሰው ነክቶ መደወል አይችልም ጎግልም እንደ ተራ ጽሁፍ አያነበውም።

የገጹ አድራሻ አጭርና የሚነበብ ይሁን፣ ቃላቱ የሚለዩትም በአጭር ሰረዝ ነው እንጂ በታች ሰረዝ አይደለም፣ ጎግል ራሱ የሚመክረው እንደዛ ነው። ጎግል ውጤት ላይ ከታይትሉ ስር የሚታየው አጭር መግለጫ፣ ዲስክሪፕሽን የሚባለው፣ ጎግል ላይ ያለሽን ደረጃ ከፍ አያደርግም ግን ሰው እንዲነካው ያደርጋል፣ ስለዚህ በደንብ ጻፊው። ሜታ ኪወርድ የሚባለውን፣ ገጹ ኮድ ውስጥ የሚደበቀውን የቃላት ዝርዝር፣ እንሞላልሻለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ ደግሞ ጎግል እሱን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው በግልጽ የተናገረው።

ሌላው ስልክ ነው። ጎግል ሳይትሽን የሚመዝነው በኮምፒውተር በሚታየው ሳይሆን በስልክ በሚታየው ነው፣ ይሄን አካሄድ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቆ ቀስ በቀስ ወደሁሉም ሳይት አድርሶታል። እና ዴቨሎፐሩ «በስልክ ሲሆን ይሄን ጽሁፍ ከገጹ እናነሳዋለን» ካለሽ እሺ እንዳትዪ። ፍጥነቱንም አስቢበት፣ የገጹ ዋናው ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት ነው የሚለው ጎግል፣ የትንንሽ ድርጅቶችን ሳይት የሚጎትተው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ግዙፍ ፎቶ ነው።

ከልጁ ጋ ስትዋዋዪ ዶሜይኑ ማለትም የሳይቱ ስም ባንቺ ስም ይመዝገብ፣ ሳይትሽ ጎግል ላይ እንዴት እየተገኘ እንደሆነ የሚያሳየው የጎግል መሣሪያ ሰርች ኮንሶልም ባንቺ አካውንት ይከፈት፣ ይሄን ለማንም ብለሽ አታልፊው፣ ምክንያቱም ልጁ ነገ ስራ ቢቀይር ወይ ብትጣሉ ሳይትሽን ይዞብሽ ነው የሚሄደው። የእያንዳንዱን ገጽ ታይትልና አድራሻ ራስሽ መቀየር መቻልሽን፣ ሳይትማፕ ማለትም ለጎግል የሚሰጥ የገጾች ዝርዝር መኖሩን፣ ግንኙነቱ የተጠበቀ ማለትም ኤችቲቲፒኤስ መሆኑን ጠይቂ። የጎግል ማፕ ላይ የድርጅት ፕሮፋይልሽንም ክፈቺ፣ ነጻ ነው፣ ስሙና ስልኩ ከሳይትሽ ጋ አንድ ዓይነት ይሁን።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ዌብሳይት አለን፣ ዘንድሮ በአዲስ ልናሰራው ነው። ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ ከጎግል የሚመጣው ሰው ከግማሽ በታች ወረደበት። እኔም ፈራሁ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ ፍርሃትህ ልክ ነው፣ ግን የሚከላከሉት ነገር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው አዲሱ ሳይት ሲሰራ የገጾቹ አድራሻ በሙሉ ይቀየርና አሮጌዎቹ 404 ማለትም «ገጹ የለም» የሚሉ ይሆናሉ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሳይቶች የሰጡህ ሊንክ ሁሉ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌው ሳይት ሳይነካ በፊት ያሉትን ገጾች በሙሉ ኤክሴል ላይ አውጣቸው፣ ከሰርች ኮንሶል ደግሞ የትኞቹ ሰው እንደሚያመጡና የትኞቹ ሊንክ እንዳላቸው እያቸው። አንደኛው ዓምድ ላይ አሮጌው አድራሻ፣ አጠገቡ አዲሱ። መቀየር የማያስፈልገውን አትቀይረው፣ «አዲሱ ሲስተም እንደዚህ ነው የሚያወጣው» ሲሉህ ቶሎ አትቀበል፣ አብዛኛው ሲስተም ይስተካከላል። የግድ የሚቀየረውን በ301 ሪዳይሬክት፣ ማለትም አሮጌውን አድራሻ የከፈተን ለዘለቄታው ወደ አዲሱ በሚወስድ ትዕዛዝ፣ ወደሚመሳሰለው ገጽ ምራው።

እዚህ ላይ ሰነፍ ሰሪ የሚያደርገው ነገር አለ፣ ሁሉንም አሮጌ ገጽ ወደ መነሻ ገጽ ይወረውረዋል። ጎግል ይሄን እንደጠፋ ገጽ ነው የሚቆጥረው፣ ሰውየውም ስለአንድ ዕቃ ሊያነብ መጥቶ መነሻ ገጽ ላይ ይቀራል። ተመሳሳይ የሌለው ገጽ 404 ቢሆን ይሻላል። ሪዳይሬክቶቹን ደግሞ ቢያንስ ለ1 ዓመት አቆያቸው፣ ከቻልክ ጭራሽ አትንካቸው።

ከዛ የመክፈቻው ቀን አለ። አዲሱ ሳይት ሲሰራ ጎግል እንዳያወጣው ኖኢንዴክስ የሚባል ትዕዛዝ ተደርጎበት ነው ብዙ ጊዜ የሚቆየው፣ ሳይቱ ሲከፈት እሱን ማንሳት ይረሳል። ሳይቱ ይሰራል፣ ያምራል፣ ሁሉም እንኳን ደስ አለህ ይልሃል፣ ጎግል ላይ ግን ቀስ እያለ ይጠፋል። የከፈትክ ዕለት ሰርች ኮንሶል ላይ አምስት ስድስት ገጽ አስገብተህ ኢንዴክስ መሆን ማለትም ጎግል መዝገብ ውስጥ መግባት እንደሚችሉ አረጋግጥ። ጎግል የት እንዳይገባ የሚነግረውን ሮቦትስ ፋይልም እየው፣ እሱ ላይ በተዘጋ ገጽ ጎግል ስለማይገባ ውስጡ ኖኢንዴክስ ይኑር አይኑር እንኳን ማየት አይችልም። ሁሉንም አስተካክለህም ለተወሰኑ ሳምንታት ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ያኔ ደንግጠህ ደግሞ እንዳትቀያይረው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ትንሽ የማማከር ስራ ጀምሬያለሁ። አንድ ድርጅት «በአንድ ወር ውስጥ ጎግል ላይ አንደኛ እናወጣዎታለን፣ 500 ሊንክም እንሰጥዎታለን» ብሎ ውል ልኮልኛል። ልፈርም?

መልስ፦ አይፈርሙ። አንደኛ አወጣለሁ ብሎ ዋስትና መስጠት የሚችል ሰው የለም፣ ይሄን ጎግል ራሱ ነው የሚናገረው፣ ባለሙያ ለሚቀጥሩ ሰዎች ባወጣው ምክር ላይም ለውጥ ለማየት ብዙውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚፈጅ ተናግሯል። የ500 ሊንኩ ነገር ደግሞ ይባስ፣ ደረጃ ለማሳደግ ሊንክ መግዛት ከጎግል ደንብ ውጪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን የተባለው የጎግል የደረጃ አሰጣጥ ለውጥ ሲመጣ በእንዲህ ዓይነት ሊንክ የተቆለሉ ስንት ሳይቶች ናቸው የወደቁት። ያንን ገንዘብ የሚያማክሩትን ነገር በደንብ ለሚያስረዱ ጥቂት ገጾች ያውሉት፣ ማን እንደሆኑና ስንት ዓመት በስራው ላይ እንደቆዩም በግልጽ ይጻፉበት፣ አማካሪ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ሸሪኬ ሳይታችንን በሁለት ቋንቋ ልናደርገው ነው። አንድ ቁልፍ ሲነካ ቋንቋው እዛው ገጽ ላይ ቢቀየር ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ አድራሻው ሳይቀየር ቋንቋው ብቻ ከተቀየረ ጎግል አንዱን ቋንቋ ብቻ ነው የሚያገኘው። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱ አድራሻ ይኑረው፣ ገጹ በሌላው ቋንቋ የት እንዳለ ለጎግል በሚናገረው ኤችሬፍላንግ በሚባለው የኮድ ምልክት ሁለቱ ገጾች እርስ በርሳቸው ይጠቋቆሙ፣ አንዱ ብቻ ጠቁሞ ሌላው መልሶ ካልጠቆመ አይሰራም። ሰው ካለበት አገር ተነስታችሁም በግድ ወደ አንዱ ቋንቋ አትውሰዱት፣ ላዩ ላይ ሊንኩን አስቀምጡለትና ራሱ ይምረጥ። ትርጉሙን ደግሞ በማሽን አውጥታችሁ ሳታነቡት አትልቀቁት፣ በሁለተኛው ቋንቋ የሚፈልግ ሰው በምን ቃል እንደሚፈልግም እንደ አዲስ ማጥናት አለባችሁ፣ የመጀመሪያው ቋንቋ ዝርዝር ተተርጉሞ ብዙ ጊዜ ሰው የማይጽፈውን ነገር ነው የሚሰጣችሁ። አቅማችሁ ለሁለቱም ካልበቃ ብዙ ደንበኛ ባላችሁ ቋንቋ ጀምሩና ሁለተኛውን ዋና ዋና ገጾች ላይ ብቻ አድርጉት፣ የአድራሻው አሰራር ግን ከአሁኑ ይወሰን።