60ኛው መስመር ላይ የተጻፈው ቃል

ልጆች፣ ባለፈው ወር ጋራዥ ሳጸዳ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር አገኘሁ። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙን እርጥበት በልቶታል። የልጄ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 23 ቀን 2011 የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ድራፍት ሲካሄድ 12 ዓመቱ ነበር። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ የተመረጡትን 60 ተጫዋቾች ስም አንድ በአንድ ጽፎበታል። ከየስሙ ጎን የራሱን አስተያየት አስፍሯል። 6ኛው መስመር ላይ፣ የኛ ዋሽንግተን ከመረጠው ከያን ቬሴሊ ጎን፣ ሦስት ቃለ አጋኖ አለ። መጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ «60፦ አይዛያ ቶማስ፣ አጭር» ይላል። ሌላ ምንም የለም።

ደብተሩን ይዤ ጋራዡ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ሙያ፣ ግማሹን ያህል ደግሞ ሰው ስመርጥና ስቀጥር ነው የኖርኩት። ስለዚህ «አጭር» የሚለውን ቃል ሳየው የልጄ ብቻ መስሎ አልታየኝም። እኔም ስንት ሰው አጠገብ እንዲህ ያለ አንድ ቃል ጽፌ አልፌያለሁ።

ቅርጫት ኳስ ለማትከታተሉ ነገሩ ቀላል ነው። ድራፍት ማለት እንደ ዩኒቨርሲቲ ምደባ ቁጠሩት። 30 ክለቦች በሁለት ዙር 60 ወጣት ይመርጣሉ። ደካማ የነበሩት ክለቦች ቀድመው የመምረጥ ዕድል አላቸው፣ የፊተኞቹ ተራ በዕጣ ይወሰናል። ልጁ የት እንደሚደርሰው የሚወስነው እሱ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር የገቡት 30ዎቹ ዋስትና ያለው ደሞዝ አላቸው። ከ31ኛው ጀምሮ ያለው ግን ስሙ ተጠራ እንጂ እንጀራው ገና አልተጋገረም።

የ2011ን ድራፍት የማነሳላችሁ ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። ልጆቹ በተመረጡ በሳምንቱ ሊጉ ተዘጋ። ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ በገንዘብ ክፍፍል አልተስማሙም፣ ክለቦቹም ተጫዋቾቻቸውን እንዳያነጋግሩ ተከለከሉ። እስቲ አስቡት፣ ዕድሜ ልክህን የለፋህበት ቀን ደርሶ ስምህ ተጠርቶ፣ ወዲያው በሩ ሲዘጋ። ጨዋታ የተጀመረው በገና ዕለት ዲሴምበር 25 ነው፣ የውድድር ዘመኑም ከ82 ወደ 66 ጨዋታ ወረደ። ተመርቃችሁ ቤት የተቀመጣችሁ፣ «እንደውልልሃለን» ተብላችሁ ስልክ የምትጠብቁ፣ ይሄ ስሜት አዲስ አይሆንባችሁም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። 10ኛው ላይ ጂመር ፍሬዴት ነው። በዚያ ዓመት ከአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው እሱ ነበር፣ በጨዋታ በአማካይ 28.9። አገሩ ሁሉ ስሙን ያውቀው ነበር። ሳክራሜንቶ በዚያው ዕለት ባደረገው ልውውጥ ወሰደው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ተለያዩ። ከሱ ቀጥሎ 11ኛ ሆኖ የተጠራው ክሌይ ቶምሰን ነው፣ ጎልደን ስቴት። ጃንዋሪ 23 ቀን 2015 ክሌይ በአንድ ሩብ ብቻ፣ በ12 ደቂቃ ማለት ነው፣ 37 ነጥብ አስቆጠረ፤ 13 ጊዜ ሞክሮ 13ቱም ገቡ። ያ ሁሉ የተቆጠረበት ቡድን ማን ነበር? ሳክራሜንቶ።

በዚህ ፍሬዴትን እንዳትንቁት። ቻይና ሄዶ በአንድ ጨዋታ 73 ነጥብ ያስቆጠረ ሰው ነው፣ በ2024 ደግሞ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ለአገሩ ሦስት ለሦስት የሚጫወቱትን ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል። መጫወት ይችል ነበር። የሄደበት ቦታ ነው ያልሆነለት።

ቬሴሊም እንዲሁ ነው። ልጄ ሦስት ቃለ አጋኖ ያደረገለት ልጅ ዋሽንግተን ላይ ሳይሳካለት ቀረ። የቅጣት ኳስ ሲመታ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። በ24 ዓመቱ ከኤንቢኤ ወጥቶ ኢስታንቡል፣ ፌነርባቼ ገባ። እኛ እዚህ ረስተነዋል። እሱ ግን በ2017 ከክለቡ ጋር የአውሮፓ ክለቦች ውድድር የሆነውን የዩሮሊግን ዋንጫ አነሳ፣ በ2019 ደግሞ የዩሮሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ያው ሰውዬ፣ ያው ቁመት፣ ያው እጅ።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ላይ ካልሆነላችሁ «እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም» ለማለት አትቸኩሉ የምለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚያስተምራችሁ ሰው አጠገባችሁ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካዋይ ሌናርድን እዩት። 15ኛ ነው የተጠራው፣ ኢንዲያና መርጦት በዚያው ምሽት ለሳን አንቶኒዮ ተሰጠ። ኮሌጅ እያለ ከሩቅ ከሚሞክራቸው ሦስት ኳሶች አንዷም በቅጡ አትገባለትም ነበር። ሳን አንቶኒዮ ቺፕ ኤንግላንድ የሚባል የኳስ ውርወራ አሰልጣኝ ነበረው፣ የልጁን አወራወር ይዞ አስተካከለለት። በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ ከ37 በላይ ማስገባት ጀመረ። በ2014 ከሳን አንቶኒዮ፣ በ2019 ከቶሮንቶ ጋር ሻምፒዮን ሆኖ ሁለቱንም ጊዜ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ደሞዙ ትንሽ ከፍ ያለ ሥራና የሚያሳያችሁ ሰው ያለበት ሥራ አንድ ላይ ከመጡላችሁ፣ ቤተሰብ የምትረዱ ካልሆነ በቀር፣ ሁለተኛውን ያዙ። ይሄን የምለው ከልቤ ነው። እኔ ራሴ የተማርኩት አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ሥዕሌን በቀይ እስክሪብቶ እያቀለመ ሲመልስልኝ ነው፣ ትምህርት ቤት የነገረኝ ከዚያ በጣም ያንሳል።

ጂሚ በትለር 30ኛ ነው፣ ዋስትና ካላቸው የመጨረሻው። ቺካጎ ወሰደው። በመጀመሪያው ዓመት በጨዋታ በአማካይ 9 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። እንግዲህ ሌላውን ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል ማለት ነው። በኋላ ማያሚን ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ያበቃው እሱ ነው፣ በ2020 እና በ2023።

አሁን ከመራጩ ወገን ሆኜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ክፍት ቦታ አምስት ሰው ቃለ መጠይቅ አደረግሁ። በወረቀት ላይ ደረጃ አወጣሁላቸው። አንዷን 4ኛ አደረግኋት። አጠገቧ የጻፍኩት «ዝምተኛ» የሚል ነው። ሦስቱ ሌላ ሥራ አግኝተው ስለቀሩ ለሷ ደወልኩ። ዛሬ የድልድይ ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት፣ እኔም ከባድ ስሌት ሲገጥመኝ የማሳየው ለሷ ነው። እንዴት 4ኛ አደረግኋት? 40 ደቂቃ አየኋት፣ አንድ ገጽ ሲቪ አነበብኩ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። በቃ። አንድ መስሪያ ቤት አልፈልጋችሁም ሲላችሁ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ይሄን ያህል ነው። የኤንቢኤ ክለቦች እንኳ ቁመት፣ የክንድ ርዝመት፣ ዝላይ ሁሉ ለክተው፣ ስንት ሰው አሰማርተው፣ 59 ጊዜ ቶማስን አልፈውታል።

ቶማስ 175 ሴንቲ ሜትር ነው። እሱንም በዚያው ምሽት የጠራው ሳክራሜንቶ ነበር። ቦስተን ገብቶ በ2016–17 በጨዋታ በአማካይ 28.9 ነጥብ አስቆጠረ። ቁጥሩን ልብ በሉት፣ ፍሬዴት ኮሌጅ ላይ ያስቆጠረው ያው 28.9 ነው፣ ይሄኛው ግን ኤንቢኤ ላይ። በዚያ ዓመት ኤፕሪል እህቱ በመኪና አደጋ ሞተች። ሜይ 2 ቢሆን ኖሮ 23ኛ ዓመቷን የምታከብርበት ቀን ነበር። ያን ምሽት ከኛው ዋሽንግተን ጋር ይጫወቱ ነበር። ከልጄ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጠን አየነው። 53 ነጥብ። ከዚያ ውስጥ 29ኙ በአራተኛው ሩብና በተጨማሪው ሰዓት ነው። ልጄ የዋሽንግተን ደጋፊ ነው፣ ተሸንፈን መናደድ ነበረበት። እኔ ዓይኔን ስጠርግ እሱም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ቀጥሎ የሆነውንም አልደብቃችሁም፣ ምክንያቱም ግማሹን ታሪክ ብቻ እየነገሩ ወጣት ማነሳሳት አልወድም። ዳሌው ተጎዳ። በዚያው ኦገስት ቦስተን ለክሊቭላንድ ሰጠው፣ በልውውጡ የመጣው ካይሪ ኧርቪንግ ነው። ኧርቪንግ ደግሞ በደብተሩ 1ኛው መስመር ላይ ያለው ስም ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው፣ ከሌሎች ጋር ተደምረው፣ ተለዋወጡ። ቶማስ ይጠብቀው የነበረው ትልቅ ውል ግን ሳይመጣ ቀረ፣ በዓመቱ ዴንቨር ላይ በሊጉ ዝቅተኛ ደሞዝ ፈረመ። ምንም አላጠፋም። ለፍቶ፣ አሳይቶ፣ ከወንድ ልጅ የሚጠበቀውን ሁሉ አድርጎ አካሉ ከዳው። ይሄ በሥራ ዓለም ይደርሳል፣ በጓደኞቼም ላይ ደርሶ አይቻለሁ፣ እናም የሰውየው ጥፋት ነው ብላችሁ ማንንም አትውቀሱ።

በ2024፣ በ35 ዓመቱ፣ በታችኛው ሊግ ለሶልት ሌክ ሲቲ ተጫውቶ ፊኒክስ የ10 ቀን ውል ሰጠው።

ልጄ ባለፈው እሑድ ለምሳ ሲመጣ ደብተሩን ሰጠሁት። አሁን 26 ዓመቱ ነው፣ እሱም ሦስት ቦታ አመልክቶ መልስ እየጠበቀ ነው። ገጹን ገልጦ ከላይ እስከ ታች በጣቱ ወረደ። 60ኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ እናቱን እስክሪብቶ ጠየቃት።