ንብርብሩ የሚላቀቀው በመጋጠሚያው ነው፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር መምህር ጋር

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ መምህር፣ ከካርበን ፋይበርና ከኢፖክሲ የተሠራ ሳንቃ ንብርብሮቹ ሲላቀቁ በኮሂሲቭ ዞን ሞዴል (በመጋጠሚያው ላይ ያለውን የመሳሳብ ኃይል ይዞ መላቀቁን በሚያስመስል የኮምፒውተር ስሌት) እያሰላሁ ነው። ሜሹን፣ ማለትም ሳንቃው ለስሌቱ የተከፋፈለባቸውን ትናንሽ ክፍሎች (ኤለመንቶች)፣ ባጠበብሁ ቁጥር ከፍተኛው ጭነት ይወርዳል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የኤለመንትዎን መጠን አልነገሩኝም፤ ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ከስንጥቁ ጫፍ ፊት፣ ንብርብሮቹ መለያየት ጀምረው ገና የሚሳሳቡበት ቀጠና አለ፤ ሐሳቡ በፈረንጆች 1960 ከተመራማሪው ዳግዴል፣ በ1962 ደግሞ ከባረንብላት የመጣ ነው። የቀጠናው ርዝመት በግምት የቁሱ ግትርነት በመሰንጠቂያ ኢነርጂው (ስንጥቁን ለማስፋት በሚያስፈልገው ኢነርጂ) ተባዝቶ ለመጋጠሚያው ጥንካሬ ካሬ ሲካፈል ይገኛል። ግትርነቱ 9000 ሜጋፓስካል፣ ኢነርጂው 0.28 ኒውተን በሚሊሜትር፣ ጥንካሬው 60 ሜጋፓስካል ቢሆን ርዝመቱ 0.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዚህ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ኤለመንት ካልገባ፣ የሚያዩት ጭነት የቁሱ ሳይሆን የሜሹ ነው። ኮምፒውተርዎ ካልቻለ፣ ኢነርጂውን ሳይነኩ ጥንካሬውን ወደ 30 ቢያወርዱት ቀጠናው አራት እጥፍ ረዝሞ 2.8 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ግን አስቀድሞ ስንጥቅ ላለው ናሙና ነው፤ ስንጥቁ ከየት እንደሚጀምር ለመተንበይ አይበጅም።

ጠያቂ (እንጅባራ)፦ ለቀርከሃና ለኢፖክሲ ንብርብር የካርበኑን ቁጥር ልጠቀም?

መልስ፦ አይጠቀሙ። የመክፈቻውን ኢነርጂ (ንብርብሮቹ ተጎትተው ሲለያዩ) እንደ ክንድ የሚለያዩ ሁለት ዘንጎች ባሉት ናሙና፣ የመንሸራተቻውን (አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት) ደግሞ በሦስት ነጥብ በማጠፍ ይለኩ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ቀርከሃ ከውጭ ቆዳው ወደ ውስጥ ፋይበሩ ስለሚሳሳ ናሙናዎ ይብዛ። ሜሽዎንም ይፈትሹ።

የውይይቱ አባል፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በቪሲሲቲ (ስንጥቁን መልሶ ለመዝጋት ከሚያስፈልገው ሥራ የሚለቀቀውን ኢነርጂ በሚያሰላ ዘዴ) ኢነርጂ ብቻ ይበቃል።

ሌላ አባል፦ ቪሲሲቲ የተጀመረ ስንጥቅ ካላገኘ አይንቀሳቀስም፤ የተጀመረ ስንጥቅ ማን ይሰጠናል?

ሦስተኛ አባል፦ የጭቃ ቤታችን ልስን ከግድግዳው ሲላቀቅስ ያው አይደለም? ጭድ ያለበት ጭቃም ንብርብር ቁስ ነው።

መልስ፦ ከጉዳያችን ብንወጣም ይህን አልፈው አልችልም። ጭቃው ደርቆ ሲኮማተር ልስኑ ይወጠራል፤ ሲላቀቅ የሚለቀቀው ኢነርጂ ደግሞ ከውፍረቱ ጋር ያድጋል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ወፍሮ የተለሰነው ቀድሞ ይለቅቃል፤ እየደረቀ በስሱ የተደራረበው ይቆያል። የቪሲሲቲው ክርክር ይብቃ፤ ሁለተኛው አባል ትክክል ናቸው።

ጠያቂ (ደጀን)፦ የእኔ ሞዴል መሀል ላይ ይቆማል። እባክዎ ይርዱኝ።

መልስ፦ የኤለመንት መጠን?

ጠያቂ፦ 5 ሚሊሜትር።

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።