ለጠያቂዋ እህታችን፦ ረዳቱ ራሱ ግድግዳ እንዳይሆን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከ16 እስከ 19 ዓመት የሆናችሁ 10 ወጣቶች ናችሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በመዝናኛ ማዕከሉ በሚካሄደው የኳስና የዋና ፕሮግራም ልዩ ፍላጎት ያላቸው 5 ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲጫወቱ ትፈልጋላችሁ። «ከየት እንጀምር?» ነው ያልሽው። ፍቅርና ትዕግሥት ያስፈልጋል የሚለውን ሌሎች ስለጻፉልሽ አልደግመውም። እንዲያውም እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው የፍቅር መብዛት ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

1. ወላጆችን አነጋግሩ፤ «ልጁ ምን አለበት?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ። የምርመራው ስም ሜዳ ላይ ብዙም አይረዳችሁም። አንድ ገጽ ወረቀት አስሞሉ፦ የሚፈልገውን የሚገልጸው በቃል ነው፣ በምልክት ወይስ በሥዕል? ምን ያስደነግጠዋል? ሲረበሽ ምን ያረጋጋዋል? ሽንት ቤት መፈለጉ በምን ይታወቃል? የሚጥል በሽታ አለበት? አለርጂስ?

አለርጂውን ለወጉ ያህል አትጠይቁ። ኳስ መያዝ ለሚከብደው ልጅ ፊኛ ስጡት ሲባል ትሰሚያለሽ፤ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ምክሩ ልክ ነው። ነገር ግን ስፓይና ቢፊዳ ያለባቸው፣ ማለትም አከርካሪያቸው በደንብ ሳይዘጋ የተወለዱ ልጆች፣ ከሌሎች ይልቅ ለላቴክስ፣ ማለትም ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ ለሚሠራው ስስ ጎማ፣ አለርጂ የተጋለጡ ናቸው። ተራው ፊኛ ደግሞ የሚሠራው ከላቴክስ ነው። በአየር የሚነፋ ቀላል የፕላስቲክ ኳስ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅም የላይኛው የአንገት አጥንት መጋጠሚያው ልል ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪም ሳይፈቅድ በጭንቅላት መገለባበጥም ሆነ በጭንቅላት ገንዳ ውስጥ መወርወር የለበትም።

2. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ረዳት ትመድባላችሁ፤ ረዳቱም ልጁ ላይ ይለጠፋል። ኳስ ወደ ልጁ እግር ትመጣለች። ልጁ ያያታል፣ ይቆማል። ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ረዳቱ «ምታው! በቀኝህ! ወደዚያ!» ይላል። ትእዛዝን ለማብላላት ጊዜ የሚፈልግ ልጅ የመጀመሪያውን ሳይጨርስ ሁለት ተጨመሩበት፤ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ የልጁን እግር ይዞ ኳሷን ያስመታል፤ ዳር ያለው ሰው ያጨበጭባል። ሌሎቹ ልጆች ግን አንድ ነገር ተማሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ኳሷን የሚያቀብሉት ለረዳቱ ነው።

ስለዚህ የምታሠለጥኑት ዝም ማለትን ይሁን። አንድ ጊዜ ከነገራችሁት በኋላ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ካልተንቀሳቀሰ በጣት አመልክቱ። ካልሆነ አንድ ቃል፦ «ምታ»። ካልሆነ ሠርታችሁ አሳዩት። እጅ መያዝ የመጨረሻው ነው፤ እሱም «ልያዝህ?» ተብሎ። ዛሬ በማሳየት የሠራውን በሚቀጥለው ቅዳሜ በአንድ ቃል ሞክሩ። አቋቋማችሁ ከልጁ ጎን፣ ትንሽ ወደኋላ፣ አንድ ክንድ ርቀት ይሁን፤ በእሱና በሌሎቹ መካከል በፍጹም አትቁሙ። አንድ ልጅ መጥቶ «ስሙ ማን ነው?» ቢላችሁ አትመልሱለት፤ «ራሱን ጠይቀው» በሉት። የማይናገር ከሆነ ስሙ የተጻፈበትን ካርድ ያሳየው።

ደግሞ የ18 ዓመት ወጣት ለ9 ዓመት ልጅ ጓደኛ አይሆነውም። በየቡድኑ ሁለት እኩዮቹን ምረጡና ሥራ ስጧቸው፦ አንዱ ኳስ ያቀብለዋል፣ ሌላው ቦታ ሲቀየር ይጠራዋል። ከ10ሩ ወጣቶች 5ቱ ከልጆቹ ጋር፣ 2ቱ ለሚያስፈልገው ሁሉ ዝግጁ፣ 1 በር ላይ፣ 2ቱ ገንዳው ዳር ይቁሙ። 10ሩም 5 ልጆችን ከከበቡ ጨዋታው አበቃ።

ገንዳ ዳር ያልኩሽ በምክንያት ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ውስጥ ድንገት ወጥተው የሚሄዱና ውኃ የሚስባቸው ብዙ ናቸው። ከሁሉ በፊት የግቢውን በሮች ቁጠሩ። ገንዳውን የሚጠብቁት ሌላ ምንም ሥራ አይኑራቸው፣ ስልክም አይንኩ፤ የማዕከሉ ነፍስ አድን ዋናተኛ መኖሩ አያዘናጋችሁ። የሚጥል በሽታ የተነሳበት ልጅ ውኃ ውስጥ ከሆነ ፊቱን ከውኃ በላይ ያዙት። መሬት ላይ ከሆነ ሰዓት ያዙ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ሲበርድለት በጎኑ አስተኙት። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ውኃ ውስጥ ከነበረ አምቡላንስ ይጠራ።

1፣ 2 እያልኩ መዘርዘሩን ተውኩት መሰለኝ። ቀሪውን ባጭሩ፦

ማየት ለተሳነው ልጅ ኳሷን በፌስታል ጠቅልላችሁ እሰሩ፤ ስትንከባለል ትንኮሻኮሻለች። ስትሄዱ እሱ ክርናችሁን ይያዝ እንጂ እናንተ አትጎትቱት። መስማት ለተሳነው ፊሽካ ሲነፋ ባንዲራ ይውለብለብ፤ ስታናግሩት ፀሐይ ከጀርባችሁ አትሁን፣ ፊታችሁ ይጨልምበታል። ተሽከርካሪ ወንበር ሳትጠይቁ አትግፉ፤ ሲቆም ፍሬኑ ይያዝ፤ ቀጥ ያለ ቁልቁለት በጀርባ ነው የሚወረደው። 15 ሳንቲሜትር ደረጃ ካለ 180 ሳንቲሜትር የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልጋል፣ 1 ለ12 ማለት ነው። አጭር ሳንቃ ጣል አድርጎ «ተስተካክሏል» የሚል አይጠፋም፤ ራሳችሁ ለኩት።

ጫጫታ የሚረብሻቸው ልጆች አዳራሹ ሳይሞላ 15 ደቂቃ ቀድመው ይግቡ። የዕለቱን ቅደም ተከተል በ4 ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ጨዋታ ከመቀየሩ 5 ደቂቃና 2 ደቂቃ ሲቀረው ተናገሩ። ጸጥ ያለ ጥግ ይዘጋጅ፤ የቅጣት ቦታ ግን አታድርጉት። ሽንት ቤት ማስገባትና መድኃኒት መስጠት የወላጅ ወይም የማዕከሉ አዋቂ ሠራተኛ ሥራ ነው፤ ወጣቶቹ አይግቡበት። ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ፎቶ አይነሳ።

የማዕከሉ ኃላፊ «ለእነሱ ደኅንነት ብለን ነው፣ ለብቻቸው ሌላ ቀን እንስጣችሁ» ይላችኋል። ደግ ንግግር ስለሚመስል ብዙ ሰው አመስግኖ ይወጣል። እናንተ አትውጡ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት (2006) አንቀጽ 30 ንዑስ አንቀጽ 5 አካል ጉዳተኛ ልጆች በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት ከሌሎች ልጆች እኩል እንዲሳተፉ ይደነግጋል። ይህን ጠቅሳችሁ የ6 ቅዳሜ ሙከራ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ማን የት እንደሚቆም የሚያሳየውን ዝርዝር አያይዙ። እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ በቃል እምቢ ማለት የሚቀናው ሰው ጻፍ ሲባል ይለዝባል።

የመጀመሪያው ቀን ከ45 ደቂቃ አይብለጥ። ሲያልቅ እያንዳንዱ ረዳት አንድ መስመር ይጻፍ፦ ዛሬ ኳስ ለልጁ ያቀበለው ማን ነው፣ ስንት ጊዜ? ሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ የሚጻፈው የረዳቱ ስም ብቻ ከሆነ ረዳቱን ቀይሩ።