የሚቆይ ቢራና የደሴ ክረምት

ወንድሜ፣ ጥያቄህ እኔም ያለፍኩበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ። ከቤልጅየም የመጡልህን ጠንካራ ጥቁር ቢራዎች ደሴ በሚገኘው የብሎኬት ቤትህ ሁለት ሦስት ዓመት ልታቆያቸው አስበህ፣ ክረምቱ ወረቀታቸውን እያሻገተ ቆርኪያቸውን እያዛገ አስቸግሮሃል።

እኔ ዘጠኝ ጠርሙስ በካርቶን አድርጌ ሰኔ ላይ አልጋ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩ። በመስከረም ስጎትተው የካርቶኑ ታች ርሶ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ወረቀቶቹ ሻጋታ ለብሰው፣ የሁለቱ ቆርኪ እስከ ጠርዙ ዝጎ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ስከፍተው አረፋ የሚባል አልነበረውም። በጣም አዘንኩ። እርጥበት መስታወት አልፎ ቢራውን አይነካም፤ ቆርኪው በዝገት ሲበላ ግን ጋዙ ያመልጣል፣ አየር ይገባል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ከወለልና ከውጭ ግድግዳ አርቃቸው። የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ቀዝቃዛው ግድግዳ ያልበዋል፤ ካርቶን ደግሞ ያንን ላብ ይመጥጠዋል። እኔ አሁን የምጠቀመው ባዶ የቢራ ካሳ ነው። ፕላስቲኩ ውሃ አይዝም፣ ጎኑም ክፍት ስለሆነ አየር ያስተላልፋል። ከሥሩ ሁለት ጣውላ አጋድሜ፣ ከውስጠኛው ግድግዳ አንድ ስንዝር አርቄ አስቀምጠዋለሁ። ብርሃን የቢራን ጣዕም ስለሚያበላሽ ከላይ ጥቁር ጨርቅ አለብሰዋለሁ።

ጨው በሳህን አስቀምጥ ያሉህ ሰዎች በከፊል ልክ ናቸው። ጨው ከአየር ውሃ መሳብ የሚጀምረው እርጥበቱ 75 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ በሐምሌ ይረዳሃል፣ ከዚያ በታች ግን አያወርድልህም። የምትፈልገው ከ50 እስከ 70 በመቶ ስለሆነ በሚዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥጥ ጠጠር) ይሻላል። እርጥበት መለኪያ ከገዛህ ደግሞ ፈትነው፦ ቆርኪ ውስጥ ጨው አድርገህ በጥቂት ጠብታ ውሃ አርጥበው፣ ከመለኪያው ጋር በሚከደን ዕቃ ውስጥ አሳድር። ጠዋት 75 አካባቢ ካላሳየ መለኪያው ይሳሳታል። ከ50 በታች መውረድም ለቡሽ ጥሩ አይደለም፣ ይደርቃል።

«ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት አስቀምጠው፣ እዚያ ደረቅ ነው» የሚለውን ምክር ግን በፍጹም አልቀበልም። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ ሙቀት ደግሞ ቢራን ያለጊዜው ያስረጃል። ለሚቆይ ቢራ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ተመራጭ ነው፤ ለዚያ የደሴ ብርድ ጸጋ ነው። ፍሪጅም አልመክርህም፤ መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ጠርሙሱ እያላበው ወረቀቱ ይላቀቃል።

ሁሉንም፣ ባለ ቡሾቹንም ጭምር፣ አቁመህ አስቀምጥ። የእርሾው አተላ ከታች ይረጋል፣ ቢራውም ቆርኪውን አይነካም። እዚህ በበልግም ስለሚዘንብ ሚያዝያ ላይ አንድ ጊዜ፣ መስከረም ላይ አንድ ጊዜ እያወጣህ በደረቅ ጨርቅ ጥረጋቸው።

አሁን ዝገት የጀመራቸውን ለይ። ከላይ ብቻ ነጠብጣብ ያለበት አያሰጋም። ዝገቱ ጠርዙ ድረስ የወረደበትን ግን ለሚቀጥለው ክረምት አታሳልፈው፤ በቅርቡ ክፈተው።