አባትዎ መናገር ከጀመሩ አያቋርጧቸው

አባትዎ በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ዘምተው ከአርባ ዓመት በላይ ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ ሳይሉ ኖረው አሁን መናገር ስለ ጀመሩ፣ ልጠይቃቸው ወይስ ዝም ብዬ ልስማ ብለዋል። መጀመሪያ ይስሟቸው።

አዳማ የሚኖሩት አጎቴ ካራማራ ላይ ተዋግተዋል። ሬዲዮ የካቲት 26ን፣ ጅጅጋ ነፃ የወጣችበትን ቀን፣ ባወሳ ቁጥር ተነሥተው ይወጡ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ሲኒውን በሁለት እጃቸው እንደ ያዙ፣ ስለ ውጊያው ሳይሆን የመጨረሻዋን የኮዳ ውኃ አካፍሏቸው ስለ ሞተው ጓደኛቸው አወሩኝ፤ ቡናው ቀዝቅዞ ቀረ። ንግግራቸውን ለመቅረጽ ስልኬን ሳወጣ ዝም አሉ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሳያስፈቅዱ አይቅረጹ፤ ቀን ቢያሳስቱም አያርሟቸው። «ሰው ገድለዋል ወይ?» ከማለት ይልቅ ስለ ጓደኞቻቸው፣ ስለ ስንቃቸው፣ ስለ መንገዱ ይጠይቋቸው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ብዙዎቹ ያዩትን የሚጠይቃቸው ሰው ሳያገኙ ወደየቤታቸው ገብተዋልና፣ የቆየው ዝምታቸው እርስዎን ከመናቅ የመጣ አይምሰልዎ። ሌሊት እየባነኑ የሚቸገሩ ከሆነ ግን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ፈቃዳቸውን ጠይቀው አብረዋቸው ይሂዱ።